ትንሹ መንጋጋ

ባለፈው ሳምንት ከምንማርበት ሕንፃ ጀርባ ያረጁ ዛፎች ይቆረጡ ነበር። ከክፍል ስወጣ አንዲት ትንሽ ትራክተር ቅርንጫፎቹን በብረት መንጋጋ እያፈሰች አንድ ጥግ ላይ ትከምራለች። የጋለ ዘይትና ገና የተሰበረ እርጥብ እንጨት ሽታ አንድ ላይ መጣ። ጓደኞቼ አቧራውን ሸሽተው አለፉ፤ እኔ ቀረሁ። ሠራተኛው "ማድሙዋዜል፣ ራቅ በይ!" ብሎ ሲጮህብኝ ነው ወደ እግሬ ያየሁት። አንዱን ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ መሬቱ ላይ ቆሜያለሁ። መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም።

ለምን እንዳወለቅሁት ግን የማውቅ ይመስለኛል። ነገሩ የሚጀምረው ሰባት ዓመት ሊሞላኝ በተቃረበበት ፍልሰታ ነው። ስለ አባቴ ትራክተር የምጽፈው ያኔ ያየሁትንና እሱ ደጋግሞ ሲናገር የሰማሁትን ነው።

የምንኖረው ከአገራችን ውጭ፣ የባቡሩ መስመር ባሕር በሚያገኝበት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባል ሠፈር ነው። አያቴ በባቡሩ ዘመን መጥቶ የሠራው፣ ግማሹ እንጨት ግማሹ ቆርቆሮ የሆነ ቤት አለን። አያቴን አላየሁትም፤ ከቤቱ ሌላ ከእሱ የቀረልን ግቢው ጥግ የተከመረ አሮጌ የሃዲድ ብረት ነበር። አባቴ ጌታሁን ይባላል። የሚተዳደረው በአንዲት ትንሽ ትራክተር ነበር። ወደቡ አጠገብ ዶራሌ ካሉ መጋዘኖች ደጃፍ ጥራጊ ያነሳል፤ ዝናብ ሲጥል ከሰው በር ላይ ጭቃ ይዝቃል። ትራክተሯ ከፊቷ አካፋ አላት፤ ቁመቷ ከአባቴ ብዙም አይበልጥም። ጠባቡ መንገዳችን ላይ ስትቆም ግን መንገዱን ሞልታ ታድራለች። በራችን ፊት ለፊት ጫት የምትሸጠው ሀዋ ዣንጥላዋን እየተከለች በየቀኑ ትጮህበት ነበር።

"ዋርያ ጌታሁን! ግመልህን ከቦታዬ ላይ አንሳ!"

"ትንሽ ታገሺኝ ሀዋ፣ ውሃ ላጠጣት ነው።"

"ግመል እንኳ ስንት ቀን ሳይጠጣ ይሄዳል፤ ያንተዋ ቀን በቀን!"

እናቴን አላውቃትም። ስሟ ትርሲት ነው፤ እኔን ወልዳ ከአልጋ ሳትነሳ ነው ያረፈችው። አባቴ በየዓመቱ ከከተማው ዳር ወዳለው የክርስቲያኖች መቃብር ይወስደኝና በጣቱ እያመለከተ "እዚያ ናት" ይለኛል። እኔ ወደ ጣቱ አቅጣጫ ሳይ የሚታየኝ ግን ዛፍ ነው። ማንም ያልተከለው እሾሃም ዛፍ ያንን ማዕዘን ውጦታል። በዚያው ዓመት ደግሞ ጎርፍ ገባና ግንዱን፣ ላስቲኩን፣ ሽቦውን ሁሉ እያመጣ እሾሁ ላይ ከመረው። ሰው እናትሽ የት ናት ብሎ ቢጠይቀኝ "እሾህ ውስጥ" ነበር የምለው። አንዳንዴ ተኝቼ እያለሁ፣ በዚያ ሁሉ እሾህ መካከል እንዴት ትገላበጣለች ብዬ አስብ ነበር።

አባቴን ያስጨነቀው የሰባት ዓመት ተዝካሯ ነው። ከሰባተኛው ዓመት ወዲያ ተዝካር የለም፤ የመጨረሻው እሱ ነው። ከእሾሁ ማዶ እየቆመ ካስጸለየላት ብዙ ጊዜው ነበር። "ይቺን እንኳ እግሯ ስር ቆሜ ላስደርግላት" ይላል፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው ነበር የሚናገር የሚመስለው። ቀኑ ደግሞ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ነው።

አንድ ጠዋት በአካፋው ሊሞክር ሄደ። አካፋ ግን ይገፋል እንጂ አይጨብጥም። ሲገፉት እሾሁ ይጠቀለላል፤ ሊያነሱት ሲሉ ይንሸራተታል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አካፋው ከስር አፈሩን ይዞ ይነሳል። አባቴ መቃብር እየፋቀ መሆኑን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። ገጀራ ይዘው ሊረዱት የመጡ ጓደኞቹም እጃቸው ደም በደም ሆኖ ተመለሱ።

"ከላይ ጨብጦ የሚያነሳ ነው የሚያስፈልገኝ" አለ ማታ እጁን እየታጠበ። "ግራፓን።" ከተማችን ውስጥ በፈረንሳይኛው ነው የሚጠራው። ቤት ውስጥ ግን መንጋጋ ይለው ነበር፤ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ገጥሞ ስለሚነክስ።

እኔን ያሳደጉኝ እትዬ ብርቄ ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ቤት ተቀጥረው እዚያው ነው የሚያድሩት፤ ዓርብ ዓርብ ግን ዕረፍታቸው ነውና እኛ ዘንድ ይውላሉ። ፀጉሬን ይሠሩኛል፣ ልብሴን ያጥቡልኛል፣ አባቴን ይቆጡታል። በዚያ ዓርብ ከጉልበታቸው መካከል ተቀምጬ ፀጉሬን እየጎነጎኑኝ ነበር። ሙቀቱ እንደ እሳት ነው፤ መብራት ጠፍቷል። እኔም እንደ ትልቅ ሰው እየጾምኩ ስለነበር ሆዴ ይጮሃል።

"ሰባት ዓመት ሞላት በለኛ" አሉ እትዬ ብርቄ። "ጉድ ነው፣ ጌትዬ! አዲስ አበባ ቢሆን እኮ ሰባት ዓመት ሲሞላ ቦታው ለሌላ ነው። ዘመድ ካልተነጋገረ አጽሙን አውጥተው ያዛውሩታል።"

"እዚህ እንደዚያ የለም፣ እትዬ ብርቄ።"

"የአጎቴን ሲያወጡ ቆሜ አይቻለሁ ነው የምልህ!"

"ልጅቷ ፊት እንዲህ ዓይነት ወሬ..."

"እሷ ምን ይገባታል? አንገትሽን ቀና አድርጊ፣ ሶሲ።"

ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እመቤታችን ከመቃብሯ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ እንዳረገች ተምረናል። የምንጾመውም ለዚያ ነው ተብለናል። ስለዚህ አሰብኩ፤ እመቤታችን እመቤታችን ስለሆነች ሦስት ቀን በቃት። ተራ ሰው ደግሞ ሰባት ዓመት ይጠብቃል፤ ሲሞላለት ዘመዶቹ ሄደው ያወጡታል። እናቴ ሰባት ሊሞላት ነው። አባቴም የሚያወጣበት ብረት እየፈለገ ነው። አጽም የሚለውን ቃል የሰማሁት ስለ ቅዱሳን ሲነበብ ብቻ ስለነበር፣ ሰው ከተነሣ በኋላ የሚጠራበት የክብር ስም መስሎኝ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ደስ ሊለኝ ይገባ እንደሆነ ልፈራ ይገባ እንደሆነ አላወቅሁም። አባቴ ደስተኛ አይመስልም ነበር፤ እሱ ደስ ካላለው እንዴት እኔን ደስ ይለኛል?

ከዚያ አባቴ ትራክተሯን አስነሥቶ፣ እኔን ታክሲ ላይ ከእትዬ ብርቄ ጋር አሳፍሮ ያገለገለ ብረት ወደሚሸጥበት ግቢ፣ ወደ ዋራበሌ ሄድን። ከከባድ መኪኖቹ መካከል ትራክተሯ ስታዘግም ሹፌሮቹ ጥሩምባ እየነፉባት ያልፋሉ። የብረት ግቢው የዋይስ ነው። ዋይስ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌ ነው። ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ስለነዳ አማርኛው እንደ እኛው ነው፤ ስድቡ ግን ከእኛ ይበልጣል።

ሁለት መንጋጋ አሳየን። አንደኛው ሰፊ፣ ወፍራም፣ ከትልቅ ማሽን የወረደ ነው፤ የታችኞቹ ጥርሶቹ እንደ አባቴ ክንድ ረጅም ሆነው ወደ ፊት የሾሉ ናቸው። ሁለተኛው ጠባብ ነው፤ ጥርሶቹ አጠር ብለው ጫፋቸው ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። ቀለሙ ረግፎ ዝጓል።

"ዋላሂ፣ ትልቁን ውሰድ" አለ ዋይስ። "ይሄ ወንድ ነው። ያኛው ልጅ ነው።"

"ወንድነቱ ምን ሊያደርግልኝ ነው፣ ትራክተሬን ካንበረከካት?"

"መሬት ውስጥ ይገባልሃል! ከነሥሩ ነው ነቅሎ የሚያወጣው፤ ከሥር ያለውን አንድ አያስቀርም። ደግሞ አይበቅልብህም።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ ክንዱን ከጥርሱ ጋር አስተካከለ፤ ከዚያ ወደ መሬቱ አየ። እኔም አየሁ። እናቴ ምን ያህል ጥልቅ ላይ እንዳለች አላውቅም ነበር። 

ትልቁን ገጥመው ሞከሩት። ግቢው ውስጥ የወደቀ የመኪና ሞተር ነክሶ ያዘ፤ የትራክተሯ ክንዶች እያቃሰቱ ከፍ አሉ፤ ከዚያ የኋላ ጎማዎቿ ከመሬት ተነሡ። እትዬ ብርቄ "በስመ አብ!" ብለው ፊታቸውን አማተቡ። ዋይስ ሽርጡን ሰብስቦ ሮጠና ከኋላ ተንጠለጠለ፤ ጎማዎቹም ዱብ አሉ።

"አየህ? ተስተካከለች!"

"ትልቁን ከገዛሁማ አንተንም አብሬ መግዛቴ ነው" አለ አባቴ ቀስ ብሎ ጭነቱን እያወረደ። "ብረቱ ራሱ ጉልበቷን በልቶ ይጨርሰዋል። ለእሾሁ ምን ይተርፋታል?"

"ከኋላ ክብደት ጫንባት! አባትህ የባቡር ሰው አልነበረም? ሃዲድ የለህም?"

አባቴ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ትልቁን ያያል፣ ትንሹን ያያል፣ እንደገና ትልቁን ያያል። እኔ ያንን ጊዜ ሄጄ ትንሹ መንጋጋ ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ በቀሚሴ ውስጥ ያቃጥለኛል፤ ግን አልተነሣሁም። የተቆለመሙትን ጥርሶች በሁለት እጄ ያዝኩ።

"አባባ፣ ይሄ ቀስ ይላል።"

"ማን ነው ቀስ የሚለው?"

"ይሄ። ይሄኛው ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳ።"

ዋይስ ሳቀ። "ጌታሁን፣ ገበያ ስትወጣ ሴት ልጅ ይዘህ አትምጣ! መረጠችልህ እኮ።"

አባቴ አልሳቀም። ለረጅም ጊዜ አየኝ። እንዲህ ሲያየኝ ጥፋት ያጠፋሁ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ዓይኑ የተቆጣ ሰው ዓይን አልነበረም። ከዚያ "ትንሹን ጫንልኝ" አለ።

ቤት ከደረስን በኋላ ሁለት ቀጫጭን ጎማ ቱቦዎች ከትራክተሯ ወደ መንጋጋው ተዘረጉ፤ በእነሱ ውስጥ የሚሄደው ዘይት ነው የሚከፍተውም የሚዘጋውም። መጀመሪያ ላይ አገላብጦ ገጥሟቸው ኖሮ፣ ዝጋ ብሎ ሲስብ ይከፈታል፤ ክፈት ብሎ ሲገፋ ይነክሳል። ቱቦዎቹን ሲያለዋውጥ ዘይት ክንዱ ላይ ፈሰሰ። ሽታውን ያኔ ነው ያወቅሁት። ከዚያ አያቴ ከተወው ሃዲድ ቁርጥራጭ አውጥቶ በርሜል ውስጥ አቆመና ሲሚንቶ ሞላበት፤ ከኋላም አሰረው። ትራክተሯ ከኋላዋ ስትከብድ የፊቷ ቀለለ። ምክንያቱ አልገባኝም፤ አያቴ ከኋላ ሆኖ የያዛት መሰለኝ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር መጀመሪያ ላይ የበለጠ ግራ አጋባኝ። እሾህ ለመልቀም የተገዛውን መንጋጋ ይዞ፣ መንገዳችን ላይ በውሃ የተሞላ የላስቲክ ጀሪካን ማንሳት ይለማመድ ጀመር። የመጀመሪያውን ጨፍልቆት ውሃው በሀዋ ጫት ላይ ተረጨ።

"ውሃማ ጥሩ ነው፣ ቅጠሉን ያድሰዋል" አለች ሀዋ ፊቷን እየጠረገች። "ጀሪካኑን ግን ምን በደለህ?"

"ይቅርታ ሀዋ። እጄ ገና ነው።"

"ልጆች! ኑ እዩ፣ ጌታሁን አውሬውን ሊያለምድ ነው!"

ሠፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሌላም ጀሪካን ፈነዳ። አባቴ ግን አልተናደደም። "ጥርሱ ሲነካ ማቆም ነው" ይላል፤ "ከዚያ ወዲያ በጣት ጫፍ ነው።" ሲስብ ለራሱ "ዱስማን፣ ዱስማን" ይላል፣ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው፤ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ይመስል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ጀሪካን ጠብታ ሳያፈስ አንሥቶ በሀዋ እግር ስር አስቀመጠላት። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ለምን እንደሚለማመድ አሁን ገብቶኝ ስለነበር አላጨበጨብኩም። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ በጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ መቃብሩ ሄድን። ከመውጣታችን በፊት ሳጥኑን ከፍቼ የእናቴን ነጠላ አወጣሁና በላስቲክ ቦርሳ ያዝኩ። ስትወጣ የምትለብሰው ያስፈልጋታላ። እትዬ ብርቄ ምሳ የያዝኩ መሰላቸው። የመቃብሩ በር ላይ ስንደርስ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉና መሬቱን አይተው ቀና አሉ።

"ኧረ እሾህ ነው! አታውልቂ፣ ሶሲ። እሾሁን እግዜር ያያል።"

አባቴ ግንዶቹን አስቀድሞ በመጋዝ ከመሬት ደረጃ ቆርጧቸው ነበር፤ ሥሩን አልነካም። መንጋጋው አፉን ከፍቶ እሾሁ ላይ ከላይ ይወርዳል፣ ይነክሳል፣ ክምሩን ታቅፎ ይነሣል። ሃዲዱ ከኋላ ስለያዛት ትራክተሯ አልተነሣችም። ጥርሱ መሬቱ ላይ ሊደርስ ሲል አባቴ ያቆመዋል። የተሰበረው እንጨት ሽታና የዘይቱ ሽታ አየሩን ሞላው። እኔ በእያንዳንዱ ጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ክምሩ ሲወድቅ እለቃለሁ። ላስቲክ ወጣ። የአልጋ ሽቦ ወጣ። ነጠላ ጫማ ወጣ፣ የማን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ መንጋጋው ከጎርፉ ክምር ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ተነሣ። ነጭ ነው። ቅርንጫፍ ተጠምጥሞበታል፤ ጭቃ ይንጠባጠብበታል። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

"አባባ ቀስ!" ብዬ ጮህኩ። "ቀስ በላት!"

አባቴ ቀድሞ አይቶታል። ሞተሩን ዝቅ አደረገ። ክንዶቹ ወረዱ፣ ወረዱ፣ ምንም የሚወርዱ አይመስሉም ነበር። መንጋጋው በጥቂቱ ተከፈተ፣ ቆመ፣ እንደገና በጥቂቱ ተከፈተ። ያ ነገር ድምፅ ሳያሰማ መሬት ላይ ተጋደመ። ሮጬ ደረስኩና ነጠላውን ከቦርሳው አወጣሁ።

መስቀል ነበር። አባቴ ራሱ በየዳ ሠርቶ ነጭ ቀለም የቀባው የብረት መስቀል፤ መሐሉ ላይ "ትርሲት" ይላል። አባቴ ወርዶ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ነጠላውን አየ፣ እኔን አየ። ለምን አመጣሽው ብሎ አልጠየቀኝም። ከእጄ ተቀብሎ ጭቃውን ጠረገበት፤ ከዚያ መስቀሉን ጠቀለለበት።

"አሁን አያወጧትም?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ማንን ነው የምትለው?" አሉ እትዬ ብርቄ። ከዚያ ገባቸው መሰለኝ፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ወይኔ ልጄን! ምን ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት!"

አባቴ ከተንበረከከበት ሳይነሣ "እዚህ አገር ቦታ አለ፣ የኔ እናት" አለኝ። "እናትሽን ማንም አያስነሳትም።" ይህን ስሰማ ማልቀስ እንዳለብኝ ወይስ ማረፍ እንዳለብኝ አላወቅሁም። 

ረፋዱ ላይ ማዕዘኑ ባዶ ሆነ። መቃብሩ ግን አልተገኘም። ጎርፉ ያመጣው አሸዋ ሁሉንም አስተካክሎታል፤ አባቴ ዙሪያዋን የደረደራቸው ድንጋዮች የሉም። መስቀሉንም ውሃው ከየት ነቅሎ እዚያ ክምር ውስጥ እንዳስገባው ማወቅ አይቻልም።

"ከአጥሩ ግንብ አጠገብ ነበረች" አሉ እትዬ ብርቄ። "ጥላው ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ።"

"የለም፣ ወደዚህ ወጣ ትላለች።"

"ጌትዬ፣ አንተ ያን ቀን የት እንደቆምክ ታውቅ ነበር?"

አባቴ ከግንቡ ራቅ አለ። ወዲያ ወዲህ ሄደ፣ ተመለሰ። መስቀሉን በነጠላው እንደታቀፈ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

"ሶሲ፣ የት እንትከለው?"

እኔ ሕፃን ነኝ፤ እሱ ደግሞ አባቴ ነው። ይህን እንዴት እኔን ይጠይቀኛል? ግን ፊቱን ሳየው እውነቱን ነበር። መሬቱን አየሁ። የትራክተሯ ጎማ ያልረገጠው፣ ጥርስም ያልነካው አንድ ለስላሳ ቦታ ነበር። በጣቴ አመለከትኩ፤ እሱ በየዓመቱ ለእኔ እንደሚያመለክተው።

"እዚያ ናት።"

"አዎ" አለ አባቴ። "እኔም እዚያ ነበር የሚመስለኝ።"

ተዝካሯ እዚያ ተደረገ። ቄሱ እዚያ ቆመው ጸለዩ፣ እዚያ አጠኑ፤ ቦታው እሱ መሆኑን ማንም አልጠየቀም። አባቴን ለምን ትንሹን መንጋጋ እንደመረጠ በሌላ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። "ትራክተሯ ትልቁን አትችለውም ነበር" ይላል ሁልጊዜ። ዋይስ ግን ያንን ሃዲድ በኋላ አይቶ "በዚህ ክብደትማ ትልቁንም ትሸከም ነበር" ማለቱን ሰምቻለሁ። የቱ እውነት እንደሆነ አላወቅሁም።

በየዓመቱ ግን እንሄዳለን። አባቴ መስቀሉ አጠገብ ሲደርስ ነው ጫማውን የሚያወልቀው። እኔ የማወልቀው ገና በሩ ላይ ነው፤ የት ላይ እንደምረግጣት ስለማላውቅ።